በድራም ኮር ትርኢቶች ስለሚቀርበው ከባድ ክላሲካል ሙዚቃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድራም ኮር የሚባለውን የአሜሪካ የሰልፍ ሙዚቃ ውድድር መከታተል የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ የቆየ ክርክር ያጋጥመዋል። ክርክሩ ቡድኖች ለጆሮ የሚከብድ ክላሲካል ሙዚቃ ይዘው ወደ ሜዳ መውጣታቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ለውድድሩ አዲስ የሆኑ ሰዎችም ሆኑ ነባር ተመልካቾች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ድራም ኮር ምንድን ነው? ከተለመደው ማርሽ ባንድስ በምን ይለያል?

ድራም ኮር ዕድሜያቸው ከ22 ዓመት የማይበልጥ ወጣቶች የሚሳተፉበት፣ በአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሱ ሙዚቃ የሚያቀርቡበት የውድድር ዓይነት ነው። የፖሊስ ወይም የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ በአደባባይ ሲያልፍ ያየ ሰው ክላርኔትና ሳክስፎን ያስታውስ ይሆናል፤ በድራም ኮር ውስጥ ግን እነዚህ የሉም። ያሉት እንደ ትራምፔት፣ ዩፎኒየምና ቱባ ያሉ የናስ መሣሪያዎች፣ ልዩ ልዩ ከበሮዎች፣ ከሜዳው ፊት ለፊት ተተክለው የሚመቱት ማሪምባና ቲምፓኒን የመሳሰሉ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም ባንዲራና የእንጨት ጠመንጃ እያሽከረከሩ የሚደንሱት የከለር ጋርድ አባላት ናቸው። አንድ ትርኢት ከ11 እስከ 12 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ ሙዚቃውም እንቅስቃሴውም ያለ ኖታ በቃል ተይዞ ይቀርባል። ውድድሩን የሚመራው ድራም ኮር ኢንተርናሽናል በ1971 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን የፍጻሜ ውድድር በ1972 በዊስኮንሲን ግዛት በኋይትዋተር ከተማ አካሂዷል፤ አሸናፊውም አናሃይም ኪንግስመን ነበር። ከ2009 ወዲህ ፍጻሜው የሚካሄደው በኢንዲያናፖሊስ ነው።

ክላሲካል ሙዚቃ ወደ ሜዳው የገባው እንዴት ነው?

ቡድኖቹ በመጀመሪያ የተመሠረቱት በአብዛኛው በጦር አርበኞች ማኅበራትና በአብያተ ክርስቲያናት አማካይነት ስለነበር፣ የሚጫወቱትም የወታደር ሰልፍና የአገር ፍቅር ዜማዎችን ነበር። ከልማድ በተጨማሪ መሣሪያው ራሱ ገደብ ነበረው። ለረጅም ጊዜ የተፈቀደው በጂ ቁልፍ የተቃኘ ቢዩግል የሚባል የናስ ጥሩንባ ብቻ ሲሆን፣ የድምፁን ከፍታ ለመቀያየር በጣት የሚጫኑት የቫልቮቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ አንዳንድ ድምፆችን ጨርሶ ማውጣት አይቻልም ነበር፤ አቀናባሪውም የሲምፎኒ ሙዚቃ ለመጻፍ ሲነሳ መሣሪያው የማያወጣቸውን ድምፆች እየዘለለ ወይም በሌላ እየተካ ለመጻፍ ይገደድ ነበር። ሁለተኛው ፒስተን ቫልቭ በ1977፣ ሦስተኛው በ1990 ተፈቀደ። በ2000 ደግሞ በማናቸውም ቁልፍ የተቃኘ የናስ መሣሪያ መጠቀም ተቻለ። ስለዚህ የሙዚቃው መክበድ የአቀናባሪዎች ምኞት ብቻ ሳይሆን፣ ደረጃ በደረጃ የላላ የደንብ ለውጥ ውጤትም ነው።

እነዚህ ለውጦች ሁሉ ተጠናቀው ሳያልቁ በዚህ መንገድ የሄዱም አሉ። ከኢሊኖይ ግዛት ከሮክፎርድ ከተማ የመጣው ፋንተም ሬጅመንት በ1970ዎቹ ትርኢቶቹን ከሞላ ጎደል በኦርኬስትራ ሥራዎች ላይ መሥርቶ መታወቂያው አደረጋቸው። ከኒው ጀርሲ የተነሣው ጋርፊልድ ካዴትስም በ1987 የአሮን ኮፕላንድን አፓላቺያን ስፕሪንግ ይዞ ሻምፒዮን ሆነ።

እንግዲያው ደጋፊዎች የሚጋጩት ክላሲካል ሙዚቃን በመውደድና በመጥላት ነው?

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተደርጎ ቢቀርብም ትክክል አይመስለኝም። ፋንተም ሬጅመንት ከዋግነር ሎሄንግሪን ኦፔራ የተወሰደውን የኤልሳን ጉዞ ሲጫወት፣ ክላሲካል ሙዚቃ አልወድም የሚለው ተመልካች ሳይቀር ከመቀመጫው ይነሳል። ዜማው ግልጽ ነው፤ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ወዴት እንደሚሄድ ጆሮ ቀድሞ ይገምታል፤ በመጨረሻም የናሱ ድምፅ በሙሉ ኃይሉ ይወጣል። ቻይኮቭስኪና ድቮርዣክ በዚህ ሜዳ ተቃዋሚ የላቸውም ማለት ይቻላል።

ጠቡ የሚነሳው በተለይ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ሲቀርቡ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ አድማጭ ወደ ቤቱ እያንጎራጎረ የሚወስደው ዜማ ላይኖር ይችላል፤ የምቱ አቆጣጠር በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚቀያየር እግር አብሮ መምታት ያቅተዋል፤ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ድምፆች ሳይፈቱ ይቆያሉ፤ ጭብጨባ የሚጠራ ግልጽ ማብቂያም አይኖርም። በስታዲየም ውስጥ ይህ የመጨረሻው ነገር ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል። ተመልካቹ ማጨብጨብ ያለበትን ቦታ ሲያጣ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ለወጣቶቹ እንደ ተቃውሞ ይሰማቸዋል።

ስለ 1993 ዓመት ሁልጊዜ የሚነሳው ለምንድን ነው?

ምክንያቱም ክርክሩ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የዚያን ዓመት ያህል ተጋግሎ አያውቅም። በኢንዲያና ግዛት በብሉሚንግተን ከተማ የተመሠረተው ስታር ኦፍ ኢንዲያና ወደ ውድድር የገባው በ1985 ነበር፤ በ1991 ደግሞ በሬስፒጊ የሮም ሙዚቃዎች ሻምፒዮን ሆነ። መሥራቹ ቢል ኩክ የሕክምና መሣሪያዎች አምራች የሆነ ባለጸጋ ነጋዴ በመሆኑ፣ ገንዘብ በማሰባሰብ ለዓመታት ይንገላቱ ከነበሩ ቡድኖች ደጋፊዎች መካከል ስታርን በቅናት የሚያዩት ጥቂት አልነበሩም። የ1993ቱን ጠብ በሙዚቃው ብቻ የሚያብራሩ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

በዚያ ዓመት ቡድኑ የሳሙኤል ባርበርንና የቤላ ባርቶክን ሙዚቃ ይዞ ቀረበ። የባርበር ሥራ በ1946 ለማርታ ግራሃም የዳንስ ቡድን የተጻፈው ሜዲያ ሲሆን፣ በባሏ ስለተካደችና ለበቀል ስትል ልጆቿን ስለገደለች የጥንት ግሪክ አፈ ታሪክ ሴት ነው። የባርቶኩ ደግሞ በ1936 ለአውታር መሣሪያዎች፣ ለምት መሣሪያዎችና ቼሌስታ ለሚባለው ፒያኖ መሰል መሣሪያ የተጻፈው ነው። አንድም አውታር በሌለበት ሜዳ ለአውታር መሣሪያዎች የተጻፈ ሙዚቃ ማቅረብ ራሱ ድፍረት ነበር። ትርኢቱ በዝግታና በጸጥታ የተሞሉ ረጃጅም ክፍሎች ነበሩት፤ ወጣቶቹ እንደ ወታደር ብቻ ሳይሆን እንደ ዘመናዊ ዳንሰኞች ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ሞቅ ያለ ዜማ ይጠብቅ ለነበረው ተመልካችም የተሰጠው ነገር አልነበረም። በየከተማው በተደረጉ ውድድሮች ላይ አንዳንድ ተመልካቾች በጩኸት ተቃወሙት።

በጃክሰን ሚሲሲፒ በተካሄደው ፍጻሜ ቀደም ሲል ጋርፊልድ ካዴትስ ያልነው ካዴትስ 97.4 አግኝቶ አሸነፈ፤ ስታር 97.3 አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር የአሸናፊውም ሙዚቃ ቀላል አለመሆኑ ነው። ካዴትስ የተጫወተው ዴቪድ ሆልሲንገር ለነፋስ ባንድ የጻፈውን፣ ርእሱ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ከሚገኘው «ነገሥታት ወደ ሰልፍ በሚወጡበት ጊዜ» ከሚለው ቃል የተወሰደ ሥራ ሲሆን፣ የምቱ አቆጣጠር እጅግ የተወሳሰበ ነው። ልዩነቱ ካዴትስ ያንን ውስብስብነት በፍጥነትና በጉልበት ማቅረቡ ነበር። ተመልካቹ ምቱን መቁጠር ባይችል እንኳ የሚይዘው ነገር ነበረው። ስታር ግን ተመልካቹ ራሱ ወደ እርሱ እንዲመጣ ጠየቀ። እኔ በበኩሌ የስታር ትርኢት በዚያ ዓመት ከቀረቡት ሁሉ የበለጠ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዕይታ ያልገባውን ሰው አላዋቂ ብሎ መስደብ ፍትሐዊ አይደለም።

ስታር ከዚያ በኋላ ውድድሩን ትቶ ወደ መድረክ ሥራ ተሸጋገረ። ካናዲያን ብራስ ከተባለው የናስ ሙዚቃ ቡድን ጋር አብሮ ሠራ፤ በመጨረሻም ብላስት የተባለውን ትርኢት በ1999 ለንደን ላይ ከፍቶ በ2001 ወደ ኒው ዮርኩ የቴአትር መንደር ብሮድዌይ አመጣው፤ በዚያው ዓመትም የቶኒ የቴአትር ሽልማት አገኘ። የተጮኸበት የ1993ቱ ትርኢት ደግሞ ዛሬ በትርኢት ነዳፊዎች ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ተጽዕኖ ካሳደሩት መካከል ይቆጠራል። የሰውነት እንቅስቃሴን ከሙዚቃው ጋር አዋሕዶ መጠቀም ዛሬ የሁሉም ቡድን ልማድ ሆኗል።

ከባድ ሙዚቃን የሚቃወሙ ሰዎች ትክክለኛ መከራከሪያ አላቸው?

አላቸው፤ ከሚሰጣቸውም ግምት የበለጠ ጠንካራ ነው። በኮንሰርት አዳራሽ ባርቶክን የሚሰማ ሰው ግድግዳና ጣሪያ ድምፁን ሰብስበው ያቀርቡለታል፤ ሥራውን አስቀድሞ በቅጂ የማዳመጥና ዳግመኛ የመስማት ዕድልም አለው። የድራም ኮር ተመልካች ግን በነሐሴ ሙቀት፣ በአንድ ምሽት ከሚቀርቡ ብዙ ትርኢቶች መካከል፣ አንዱን ለ12 ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ያያል።

ስታዲየሙም ራሱ ለረቂቅ ሙዚቃ አይመችም። የሜዳው ርዝመት በግብ መስመሮች መካከል 91 ሜትር ያህል ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከአንዱ ጫፍ የተነፋ ትራምፔት ሌላው ጫፍ የሚደርሰው ከሩብ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሜዳው ላይ የተበተኑ ወጣቶች በአንድ ቅጽበት ቢነፉ እንኳ ለተመልካቹ በአንድ ቅጽበት አይደርሰውም፤ ከፊት ያሉት ከኋላቸው የሚመጣውን ድምፅ እያዳመጡ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ መሪያቸውን እየተከተሉ መጫወት ይኖርባቸዋል። ሰፊ ዜማና ጥቅጥቅ ያለ ኅብረ ድምፅ ይህን መዛባት ይሸፍነዋል። አራት የተለያዩ መሥመሮች በፈጣን ምት የሚተላለፉበት ጽሑፍ ግን፣ አፈጻጸሙ ትንሽ ሲጎድል ወደ ተራ ጫጫታ ይለወጣል። ለመቀመጫው ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ተመልካች ምንም አልሰማሁም ሲል፣ አንዳንድ ጊዜ ቃል በቃል እውነቱን ነው።

ታዲያ ቡድኖቹ ከባድ ሙዚቃ ለምን ይመርጣሉ?

አንደኛው መልስ ተጫዋቾቹ ናቸው። በየዓመቱ ከሚመለመሉት ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ የሚያጠኑ ወጣቶች ናቸው፤ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው፣ በትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ እየተኙ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ እየተጓዙ፣ ቀኑን ሙሉ ሲለማመዱ የሚከርሙት ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር ለመሞከር ነው። በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ዜማ ይዘው ክረምቱን ሙሉ ቢደጋግሙት ይሰለቻቸዋል። ሾስታኮቪች ግን እስከ መጨረሻው ቀን የሚያሠራ ነገር አያጣም።

ዳኞች ከባድ ሙዚቃ ለሚጫወት ቡድን ያደላሉ?

በደንቡ ላይ ለከባድ ሙዚቃ የተመደበ ነጥብ የለም። ከ100 ነጥብ 40ው ለአጠቃላይ ስሜት፣ 30ው ለእይታ፣ 30ው ለሙዚቃ አፈጻጸም የሚሰጥ ነው። አጠቃላይ ስሜት የሚለው ክፍል ትርኢቱ ስሜትንና አእምሮን ምን ያህል እንደያዘ የሚመዝን በመሆኑ፣ በወረቀት ላይ ሲታይ የተመልካቹን ጥቅም የሚጠብቅ ይመስላል።

በተግባር ግን የዳኛ ጆሮ ከተመልካች ጆሮ ይለያል። ዳኛው አንድን ትርኢት ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ደጋግሞ ሊያየው ይችላል፤ ከውድድሩ በኋላም ከትርኢቱ ነዳፊዎች ጋር ተቀምጦ ያየውን ያስረዳቸዋል፣ እነርሱም ሐሳባቸውን ያስረዱታል። በዚህ ሂደት በመጀመሪያ ያልገባው ክፍል በኋላ ይገባዋል፤ እንዲያውም ደጋግሞ ሲያየው አዲስ ነገር የማያጣበት ሥራ ይበልጥ ይስበዋል። ተመልካቹ ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ማንም ሆን ብሎ ሳያዳላ፣ ሥርዓቱ ደጋግሞ ለሚሰማ ጆሮ የሚመች ትርኢት ያፈራል። ደጋፊዎች ዳኞች እኛን አይሰሙም ብለው ሲያማርሩ ቁጣቸው ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ይመስለኛል። ነዳፊዎችም የዳኛውን አስተያየት በሰዓቱ በቃል ሲያገኙ፣ የተመልካቹን የሚያገኙት በጭብጨባና በዝምታ ብቻ ነው።

ክላሲካል ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎችስ በትርኢቶቹ ይደሰታሉ?

ሁልጊዜ አይደለም። የእነርሱ ቅሬታ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። የስትራቪንስኪ የፀደይ ሥርዓት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በሜዳው ላይ ደግሞ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተቀላቅሎ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይደርሰዋል። በዚህ ምክንያት አቀናባሪዎች ከአንድ ሥራ ስምንት መሥመር፣ ከሌላው አሥር መሥመር እየቆረጡ፣ በመካከሉ የራሳቸውን የከበሮ ድልድይ ያስገባሉ። ሙዚቃው በመጀመሪያው ደራሲ እጅ ቀስ ብሎ የደረሰበት ከፍታ ያለ መንገዱ ተነቅሎ ይቀርባል። እንዲህ ዓይነቱ ቁርጥራጭ ዜማ ወዳዱንም ምሁሩንም በአንድነት ያስቀይማል፤ በእኔ ግምትም አስቸጋሪ ተብለው ከሚወቀሱት ትርኢቶች ብዙዎቹ ጥፋታቸው የሙዚቃው ምርጫ ሳይሆን ይህ አቆራረጥ ነው። የስታር የ1993 ትርኢት ከሁለት ደራሲዎች ብቻ ወስዶ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ጊዜ መስጠቱ ዛሬም ድረስ አድማጭ እንዲያገኝ ረድቶታል።

ከባድ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ የወደደው ትርኢት አለ?

ብዙ አለ። ፋንተም ሬጅመንት በ1996 በሾስታኮቪች ሙዚቃ ብሉ ዴቭልስ ከተባለው ተፎካካሪ ቡድን ጋር እኩል ነጥብ አግኝቶ ሻምፒዮንነቱን ተጋርቷል። ይኸው ቡድን በ2008 የካቻቱሪያንን ሙዚቃ ጨምሮ በስፓርታከስ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ትርኢት አቅርቦ በ0.025 ነጥብ ብቻ ብልጫ አሸነፈ። የባሪያዎቹ አመፅ ሜዳው ላይ በግልጽ ስለተተወነ፣ ሙዚቃው ሲሻክርም ሲጮኽም ተመልካቹ ምክንያቱን ያውቅ ነበር፤ ወጣቶቹ «ስፓርታከስ እኔ ነኝ» እያሉ ሲጮኹ ከመቀመጫው ሆኖ አብሯቸው ይጮኽ ነበር።

ካሮላይና ክራውን በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ከፊሊፕ ግላስ አይንስታይን ኦን ዘ ቢች ኦፔራ የተወሰደ ሙዚቃን ባካተተ ትርኢት ነው። ይህ ኦፔራ በ1976 ሲታይ ለብዙዎች እንቆቅልሽ ነበር፤ ዜማ በሚባለው ፋንታ የሚደጋገሙ አጫጭር ሐረጎችና የሚቆጠሩ ቁጥሮች አሉት። በሜዳው ላይ ግን ድግግሞሹ ራሱ ለጆሮ መያዣ ሆነ፤ በዚያ ፍጥነት ያን ያህል ኖታ ማውጣትም ሙዚቃው ባይገባ እንኳ ድካሙ የሚታይ ሥራ ነው። ከነዚህ ምሳሌዎች የምረዳው፣ ተመልካች ሙዚቃውን፣ ታሪኩንና እንቅስቃሴውን በአንድ ጊዜ እንዲፈታ ሲጠየቅ እንደሚያምፅ፣ ከሦስቱ አንዱ ግልጽ ሲሆንለት ግን ሌሎቹን በትዕግሥት እንደሚከታተል ነው።

ክርክሩ በክላሲካል ሙዚቃ ብቻ የተወሰነ ነው?

አይደለም። ብሉ ዴቭልስ በጃዝ የሚታወቅ ቡድን ቢሆንም፣ በ1916 በዙሪክ በተጀመረው የዳዳ የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ ትርኢት አቅርቦ በ2012 ሲያሸንፍ ተመሳሳይ ቅሬታ ተነሥቷል። በ2004 የድምፅ ማጉያ፣ በ2009 ደግሞ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ከተፈቀዱ ወዲህ የጠቡ ትልቁ ክፍል ወደ እነርሱ ዞሯል።

የባለቤትነት መብት በምርጫው ላይ ተጽዕኖ አለው?

አለው፤ ይህም በደጋፊዎች ክርክር ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። አንድን ሥራ ለናስና ለከበሮ አቀናብሮ ለማቅረብ የመብቱን ባለቤት ፈቃድ መጠየቅና መክፈል ያስፈልጋል፤ በቪዲዮ ለመሸጥ ደግሞ ሌላ ፈቃድ ያሻል። በአሜሪካ ሕግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የታተመ ሥራ ነጻ የሚሆነው ከታተመ 95 ዓመት ሲያልፈው በመሆኑ፣ ሆልስት የተባለው ደራሲ የጻፈው ፕላኔቶች ነጻ ሲሆን የባርበር ሜዲያና የባርቶክ የ1936 ሥራ ገና ፈቃድ ይጠይቃሉ። አንድ ቡድን የሚወደደውን ሥራ ትቶ ማንም ወደማያውቀው ሲሄድ፣ ምክንያቱ ዘወትር ትዕቢት ላይሆን ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው ከየትኛው ቢጀምር ይሻለዋል?

ከ1987ቱ የካዴትስ አፓላቺያን ስፕሪንግ ቢጀምር መልካም ነው፤ ሙዚቃው ጥልቅ ቢሆንም ጆሮን አያርቅም። ቀጥሎ የ2008ቱን ስፓርታከስ በምስል ማየት ይቻላል፤ በድምፅ ብቻ ከተሰማ ግማሹ ይቀራል። የ1993ቱ ስታር ደግሞ ሦስተኛ ይሁን። እርሱን ከማየት በፊት የባርበርን ሜዲያ በኦርኬስትራ አንድ ጊዜ ማዳመጥ ይጠቅማል፤ ሥራው በተለያየ መልክ የተዘጋጀ ስለሆነ ለዚህ የሚበቃው በ1955 የተጠናቀቀው፣ የሜዲያ ተመስጦና የበቀል ዳንስ የተባለው አንድ ወጥ ክፍል ነው።